ስሙ ወይን፣ ልማዱ ጠጅ

አባቶቻችን ደጋም ቆላም ላልሆነው ምድር «ወይና ደጋ» የሚል ስም ሲያወጡ ወይንን አስበው ነበር። ፉሪና ሰበታ ከዚሁ ወይና ደጋ ላይኛው ጠርዝ ላይ ይገኛሉ። ዳሩ ግን ሰበታን የሚያነሳ ሰው ሜታ ቢራን ወይም የአልኮል ፋብሪካዋን ይጠቅሳል እንጂ የወይን ማሳ አይጠራም። ስሙ አለ፤ ተክሉ የለም።

የወይን ታሪካችንም ከማሳው ይልቅ በመቅደሱ የኖረ ነው። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ለቅዳሴ የሚውለው ወይን ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ ጽፏል፤ ልማዱ ዛሬም አልተቋረጠም። ከመቅደስ ውጭ ግን ሕዝቡ ምላሱን ያሟሸው በጠጅ ነው። መጠጡን «ወይን ጠጅ» ያልነው፣ ቀለሙን ሳይቀር በዚሁ ስም የጠራነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉደርንም መመዘን ያለብን ከዚህ ተነስተን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ለቀዩ ወይኑ የሰጠው ስም በቡራዩ፣ በሆለታና በአምቦ አልፈን የምንደርስባት የጉደር ስም ነው። በየሠርጉ ብርጭቆው ላይ ኮካ ሲጨመርበት አይተው የሚሳለቁ አሉ። እኔ ግን በዚህ ድርጊት ውስጥ ድንቁርና ሳይሆን ፍርድ አያለሁ። የማሩን ጣፋጭነትና የጌሾውን ምሬት አንድ ላይ የለመደ ምላስ፣ ኮምጣጣና ከርካሪ ወይን ሲቀርብለት የጎደለውን ማር መፈለጉ ነው። ጣፋጩ አክሱማይት የተወደደውም በዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ከዝዋይ ወደ ገበያ የወጣው የካስቴል ወይን ከፈረንሳይ በመጡ ችግኞች፣ በሜርሎ፣ በሲራና በካበርኔ ሶቪኞ ተጀመረ። «ሪፍት ቫሊ» የወይኑን ዘር በጠርሙሱ ላይ ጽፎ ጠጪውን ማስተማሩ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ድርጅት «አካሺያ» በሚለው ስም ጣፈጥ ያለውን ማቅረብ ግድ ሆኖበታል። የቦርዶ ችግኝ እንኳ ለጠጅ ምላስ እጅ ሰጠ ማለት ነው።

እንግዲህ ጉድለቱ ከምላሳችን አይደለም፤ ከዝምታችን ነው። ጉደርን ከሚጠጣው ሰው ስንቱ ከየትኛው የወይን ዘር እንደተጠመቀ፣ ፍሬው የት ማሳ ላይ እንደበቀለ፣ በየትኛው ዓመት እንደተለቀመ ይጠይቃል? ስለ ጠጅ ሲሆን የማሩን አገር፣ የጌሾውን መጠን፣ የጣይዋን እጅ እናውቃለን፤ እንከራከርበታለንም። ለወይኑም ይኸንኑ ክርክር ካልነፈግነው፣ የቦታው ስም ከጠርሙስ ጌጥነት አልፎ ትርጉም ያገኛል።