ፓንሶሪን ከሩቅ ማድመጥ፤ በሁለት የኮርያ ፊልሞች ላይ የቀረበ ሂስ

፩. መግቢያ

የሌላውን አገር ኪነ ጥበብ የሚወድ ሰው በሁለት ዐይነት ስሕተት ላይ ይወድቃል። አንደኛው ያልገባውን ሁሉ ዋጋ የለውም ብሎ መናቅ ነው፤ ሁለተኛው ጥቂት ስለ ገባው ብቻ ሁሉም የገባው መስሎ መታየት ነው። የመጀመሪያው ቶሎ ይታወቃል። ሁለተኛው ግን ፍቅርን ስለሚመስል ሳይታወቅ ብዙ ይቈያል። እኔ ፓንሶሪ በሚባለው የኮርያ ጥበብ ላይ ሁለቱንም ስሕተት በተራ ስለ ፈጸምሁ፣ ይህን አስተያየት የማቀርበው እንደ ዐዋቂ ሳይሆን እንደ ታረመ ተማሪ ነው።

የኮርያ ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ በ1951 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ወደዚያ ከዘመተ ጀምሮ በብዙ ቤት ሲነሣ የኖረ ስም ነው። ዳሩ ግን ዘማቾቹ ይዘውልን የመጡት ወሬ የጦርነትና የብርድ ወሬ ነበር፤ የእኛ ትውልድ ደግሞ ያንን አገር የሚያውቀው በተከታታይ ድራማውና በወጣቶቹ ዘፈን ነው። ፓንሶሪ ከሁለቱም የራቀ የቈየ ጥበብ በመሆኑ፣ ብዙዎቻችን የደረስንበት በፊልም በኩል ነው። ስለዚህ ፊልሙ ምን እንዳሳየንና ምን እንደ ደበቀብን መመርመር ይገባናል።

፪. ፓንሶሪ ምንድን ነው?

ፓንሶሪ አንድ ዘፋኝ፣ ወንድም ቢሆን ሴት፣ ከአንድ ከበሮ መቺ ጋራ ሆኖ ረዥም ታሪክ የሚተርክበት ጥበብ ነው። ዘፋኙ ማራገቢያ በእጁ ይዞ ይቆማል፤ ታሪኩን አንድ ጊዜ በዜማ፣ አንድ ጊዜ በንግግር ያስኬደዋል። ዜማው ሶሪ፣ ንግግሩ አኒሪ ይባላል። ሽማግሌውንም፣ ልጃገረዲቱንም፣ ሹሙንም የሚሆነው ያው አንድ ሰው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሺን ጄ ህዮ (1812–1884) የተባለ ሰው ስድስት ታሪኮችን አሰናድቶ ጽፏል፤ ከነዚህ መካከል ከነዜማቸው እስከ ዛሬ የሚዘፈኑት አምስቱ ናቸው። በ1968 ፓክ ዶንግ ጂን አንዱን ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሲዘፍን አምስት ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። የኮርያ መንግሥት ጥበቡን በ1964 ከሚጠበቁት የአገር ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል፤ ዩኔስኮም በ2003 ለዓለም አስታውቆታል።

ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልገው ግን ከስሙ ውስጥ የሚገኘው ነገር ነው። «ሶሪ» ድምፅ ማለት ሲሆን፣ «ፓን» ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ጉባኤ ፓንሶሪ የለም። ከበሮ መቺው ምቱን ብቻ አይጠብቅም፤ ዘፋኙን በድምፁ ያበረታታዋል፤ አድማጮችም በየመካከሉ «እሰይ!» እንደ ማለት ያለ ቃል ይወረውራሉ። ይህ ጩኢምሴ ይባላል። ያለ ቦታው የገባ ጩኢምሴ ዘፋኙን ያሰናክለዋል፤ በቦታው የገባ ግን ትንፋሽ ይሰጠዋል። ኮርያውያን «አንደኛ ከበሮ መቺው፣ ሁለተኛ ዘፋኙ» የሚል አባባል አላቸው። መዝፈን የማይችል፣ ነገር ግን ማድመጥን የተካነ ሰው ደግሞ «የጆሮ ሊቅ ዘፋኝ» እንደ ማለት ያለ የክብር ስም ይሰጡታል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ጥሩ ቅኔ ሲሰማ «ይበል!» የሚለው ሰውና አዝማሪውን «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው ሰው የጥበቡ ተካፋዮች እንጂ ተመልካቾች ብቻ አይደሉም።

፫. የራሴ ስሕተት

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመዘምራን አንዱ ነበርሁ። እዚያ ጥሩ ድምፅ ማለት ጥርት ያለ ድምፅ መሆኑን ተምረናል፤ የጐረነነ ድምፅ የጕንፋን ምልክት ነበር። ስለዚህ ፓንሶሪን በመጀመሪያ በሰማሁ ጊዜ ዘፋኙ የታመመ መስሎኝ ዘጋሁት። ያ ሻካራ ድምፅ ከረዥም ልምምድ በኋላ የሚገኝና ተፈልጎ የሚሠራ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ቀጥሎ «ሶፒዮንጄ» የተባለውን ፊልም አይቼ አለቀስሁ። ከዚያ በኋላ በጓደኞቼ ፊት ፓንሶሪ የሐዘን ዜማ ነው፣ ምንጩም «ሃን» የሚሉት ተከማችቶ የቈየ ምሬት ነው ብዬ በድፍረት ተናገርሁ። ከአድማጮቹ መካከል አንዲት ኮርያዊት እንግዳ ነበሩ። ንግግሬን በትሕትና ካመሰገኑ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ሲሰሙ የሳቁት የት ላይ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

፬. «ሶፒዮንጄ» (1993)

ኢም ኩዎን ቴክ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በሴኡል ከተማ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመልካች በማግኘት ከኮርያ ፊልሞች የመጀመሪያው ነው። ታሪኩ ከአገር አገር እየዞረ የሚዘፍን ዩ ቦንግ የተባለ ሰው ሶንግ ህዋ የምትባለውን የጉዲፈቻ ልጁንና ዶንግ ሆ የሚባለውን የእንጀራ ልጁን ይዞ የሚኖረውን ኑሮ ያሳያል። ልጅቱን ዜማ፣ ልጁን ከበሮ ያስተምራቸዋል። ልጁ ድህነቱ መርሮት ይኰበልላል። አባትየው ልጅቱም ትታው እንዳትሄድ፣ ድምፅዋም ሃን እንዲያገኝ ብሎ በመድኀኒት ዐይኗን ያጠፋል።

የፊልሙ ውበት የማይካድ ነው። የባዕድ ሙዚቃ ጓድ በገበያ መካከል ሲያልፍ ድምፃቸው የሚዋጥበት ክፍል የአንድን ጥበብ መዳከም ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስረዳል። ሶንግ ህዋን ሆና የሠራችው ኦ ጆንግ ሄም ፓንሶሪን የተማረች ስለ ሆነች ዜማው የውሸት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን መቃወም ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሶፒዮንጄ የአንድ ወገን አዘፋፈን ስም ነው፤ «የምዕራቡ ወገን» ማለት ሲሆን ለስላሳና አሳዛኝ ነው ይባላል። የምሥራቁ ወገን ደግሞ ጠንካራና ከባድ ነው። ፊልሙ ራሱ በአባትየው አፍ ሃንን የተሻገረ ዘፋኝ ከሁለቱ ወገን በላይ ነው ይላል፤ የሩቅ ተመልካች ግን ይዞ የሚወጣው ሐዘኑን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከሁሉ የበለጠ ደስታ የሚገኝበት ክፍል፣ ሦስቱ በገጠር መንገድ እየዘፈኑና እየጨፈሩ ወደ እኛ የሚመጡበት፣ የሕዝብ ዘፈን የሆነው የጂንዶ አሪራንግ እንጂ ፓንሶሪ አይደለም። በዚህ ምክንያት እንግዳው ተመልካች ፓንሶሪ አያስቅም ብሎ ይደመድማል። ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። የአንዲት ልጅ ዐይን መጥፋት ለጥበብ የተከፈለ ዋጋ ሆኖ ሲታይ እኛ በጨለማ ተቀምጠን እናለቅሳለን፤ ልቅሶአችንም ጥሩ አድማጭ የሆንን ያስመስለናል። ነገር ግን በሌላው ሥቃይ መደሰትና ጥበቡን መረዳት አንድ አይደሉም።

ለፊልሙ ፍርድ ለመስጠት መጨረሻውን መዘንጋት አይገባም። ዶንግ ሆ ከብዙ ዓመት በኋላ እኅቱን አግኝቶ፣ ማንነቱን ሳይናገር ሌሊቱን ሁሉ ከበሮ ይመታላታል። እርሷ የምትዘፍነው ዐይነ ስውር አባቷን ለማዳን 300 ሶክ በሚባል መስፈሪያ ሩዝ ራሷን የሸጠችውን የሲም ቾንግን ታሪክ ነው። በዚያ ሌሊት የሚያስታርቃቸው ሥቃዩ ሳይሆን ከበሮው፣ ማለትም ማድመጥ ነው።

፭. «ቹንሂያንግ» (2000)

ያው አዘጋጅ ከሰባት ዓመት በኋላ የሠራው ይህ ፊልም ታሪኩን በሊቁ ዘፋኝ በቾ ሳንግ ህዮን ድምፅ ያስተርከዋል። በናምዎን ከተማ የምትኖር የአንዲት አጫዋች ልጅ የሆነች ቹንሂያንግ የሹሙን ልጅ ትወዳለች፤ እርሱ ወደ መዲናው ከሄደ በኋላ አዲሱ ሹም ቢያስገድዳት እንቢ ብላ ትገረፋለች፤ ወዳጅዋም የንጉሥ ምስጢራዊ መርማሪ ሆኖ ይመለሳል። ፊልሙ ግን ታሪኩን ብቻ አያሳይም። በየጊዜው ወደ አዳራሹ ይመልሰናል፤ ዘፋኙን፣ ከበሮ መቺውን፣ ከወንበሩ ሆኖ የሚጮኸውንና የሚስቀውን የዛሬ ሰው ያሳየናል። «ሶፒዮንጄ» የዘፋኙን ቍስል ሲያሳይ፣ «ቹንሂያንግ» የአድማጩን ሥራ ያሳያል። ለውጭ አገር ወዳጅ ሁለተኛው የተሻለ በር ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ይህም በር ቢሆን እስከ መጨረሻው አይከፈትም። ቹንሂያንግ ስትገረፍ በየጅራፉ ትመልሳለች፤ የቍጥሩም ድምፅ የመልሷ ቃል መነሻ ይሆናል። የአንዱ ቍጥር «ኢል» የጽኑ ልብን ቃል ይጀምራል፤ ቀጣዮቹም እንደዚሁ። ከሥር የሚነበበው ትርጕም የሚሰጠን ትርጕሙን ብቻ ነው። ሰምና ወርቅ ያለውን ቅኔ ያለ ሰሙ በባዕድ ቋንቋ ያነበበ ሰው ምን እንደሚጐድለው የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ጕድለት መጠን ሳይነገረው ይረዳዋል።

፮. መደምደሚያ

እንግዲህ ከሩቅ የሚወድ ሰው ምን ያድርግ? በእኔ አስተያየት ሥራው ብዙ ፊልም ማየት ሳይሆን ጥቂቱን ደጋግሞ ማድመጥ ነው። ምቶቹን ይማር፤ ለምሳሌ ጁንግሞሪ የሚባለው ምት አሥራ ሁለት ስለ ሆነ በጕልበት ላይ እየመቱ መቍጠር ይቻላል። ከበሮ መቺው ድምፁን የሚያሰማው የት ላይ እንደ ሆነ ልብ ይበል። ያልገባውንም ያልገባኝ ነው ብሎ ለመናገር አይፈር፤ ያንን ያላለ ሰው የወደደው የራሱን እንባ እንጂ የኮርያን ጥበብ አይደለም።

እኔ ለብዙ ሳምንት የያዝሁት የኤሊዋንና የጥንቸሏን ታሪክ ነው። የባሕሩ ዘንዶ ንጉሥ ታምሞ መድኀኒቱ የጥንቸል ጕበት ነው በተባለ ጊዜ ኤሊ ጥንቸልን አታልላ ታመጣለች፤ ጥንቸልም ጕበቴን ቤቴ ትቼው መጣሁ ብላ ታመልጣለች። ዘፋኙ ይህን ውሸት በንጉሥ ድምፅና በጥንቸል ድምፅ እያፈራረቀ ሲያስኬደው፣ ከበሮ መቺው አንድ ቃል ወረወረ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ለእንግዳዪቱ ጥያቄ ዛሬ መልስ አለኝ፤ ነገር ግን አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ዘግይቶ የመጣ ነው።