የሚጫን ዕውቀት፣ የማይጫን ቅኔ፦ የአእምሮና የኮምፒውተር ትስስር በሳይንስ ልብ ወለድ

የሰውን አእምሮ ከኮምፒውተር ጋር በቀጥታ የሚያገናኙ የሳይንስ ልብ ወለዶችን ሐያስያን በአብዛኛው የሚመዝኗቸው በትንቢታቸው ነው። ደራሲው ያለው ደረሰ ወይስ አልደረሰም ይላሉ። ይህ ዳሰሳ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ እነዚህ ድርሰቶች ስለ ዕውቀት ምንነት ምን ያምናሉ? ለጥያቄው የሚስማማው መመዘኛ ከእኛው ዘንድ ይገኛል። የደባይ ጥላትግን ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ቁይ ያለችበት የምሥራቅ ጎጃም ደጋ የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ጉባኤ ቤት ሰው የሚቀበለውን ዕውቀትና ሰው የሚያፈልቀውን ዕውቀት ለይቶ ማየት ከጀመረ ዘመናት አልፈዋል። በዘርፉ ስመ ጥር ከሆኑት ድርሰቶች ብዙዎቹ ይህን ልዩነት ስተውታል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ጥንካሬያቸውን ያገኙት ከእሱ ነው ብዬ እከራከራለሁ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አቋራጩና ዋጋው

ዕውቀትን በአቋራጭ ወደ ራስ የማስገባት ምኞት ከኮምፒውተር ይቀድማል። በአብነት ትምህርት ቤቶች አካባቢ ስሙ የሚነሳው አብሾ ለዚህ ምስክር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአስተናግር ዘር እንደሚዘጋጅ የሚነገርለት ይህ መጠጥ፣ በሥርዓቱ ለጠጣው ተማሪ ቀለም ቶሎ እንዲገባው፣ የገባውም እንዳይጠፋው ያደርጋል ተብሎ ይታመናል። ሥርዓቱን ያፈረሰ ግን ያብዳል። ዛሬም መለኪያ ቀምሶ ያዙኝ ልቀቁኝ የሚለውን ሰው «አብሾ አለበት» እንላለን። የዕፁን ጠባይ ያጠና ሰው ደግሞ ምጸት ያገኝበታል፤ በአስተናግር ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ የማስታወስ ችሎታን ለጊዜው ለማዳከም የሚጠቀሙበት ንጥረ ነገር ነው።

እንደ ተረክ ካየነው አብሾ ሦስት አዕማድ አሉት፦ አቋራጭ፣ ሥርዓትና ዋጋ። የሳይንስ ልብ ወለዱም የቆመው በእነዚሁ ላይ ነው። ሁጎ ገርንስባክ በ1911 መታተም በጀመረው «ራልፍ 124ሲ 41+» ሰው ተኝቶ ሳለ ዕውቀት ወደ አእምሮው የሚያስገባ መሣሪያ ፈጠረ፤ አቋራጩ አለ፣ ዋጋው የለም። ማይክል ክራይተን በ1972 ባሳተመው «ዘ ተርሚናል ማን» ውስጥ ደግሞ የሚጥል በሽታውን ለመቆጣጠር በአንጎሉ ኤሌክትሮድ የተተከለለት ሰው ወደ ባሰ ግፍ ይገባል። እዚህ ዋጋው እንደ አብሾው እብደት ሆኖ ይከፈላል።

ተሸካሚው፣ ተዋጊውና ያልተጫነው

ሦስት ድርሰቶችን ጎን ለጎን ማንበብ ልዩነቱን ያጠራዋል። የመጀመሪያው የዊሊያም ጊብሰን አጭር ልብ ወለድ «ጆኒ ኒሞኒክ» (1981) ነው። ጆኒ የሌሎችን ምስጢር በጭንቅላቱ ይዞ ለክፍያ የሚያጓጉዝ ሰው ሲሆን፣ የተሸከመውን ራሱ ማንበብ አይችልም። ይህ ሁኔታ ለአብነት ተማሪ እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት ያለ ልጅ ትርጉሙን ሳያውቅ የግእዙን ዳዊት በቃሉ ይይዛል፤ የያዘው የሚፈታለት በኋላ ቅኔ ቤት ገብቶ አገባብ ሲማር ነው። ጊብሰን ያየው ይህን የመጀመሪያ ደረጃ ብቻ ነው፤ ያየውን ግን በትክክል አይቶታል። በቃል መያዝ ማወቅ እንዳልሆነ ታሪኩ አይዘነጋም።

ሁለተኛው የ1999ኙ ፊልም «ዘ ማትሪክስ» ነው። ኒዮ ማጅራቱ ላይ ገመድ ተሰክቶለት የኩንግ ፉ ጥበብ ይጫንለታል፤ ትሪኒቲ ሄሊኮፕተር ማብረር በቅጽበት ታውቃለች። ተመልካች በእነዚህ ትዕይንቶች የሚደሰተው የልምምድ ድካም ሁሉ ስለ ተሰረዘለት ነው። ፊልሙ ገመዱን የባርነት መሣሪያ አድርጎ ሲያወግዝ ቆይቶ፣ በዚያው ገመድ የሚመጣውን ችሎታ ያለ ጥያቄ ይቀበለዋል። ኒዮ በመጨረሻ የሚያሸንፈው በተጫነለት ሳይሆን ማንም ባልጫነለት ነገር ነው። ይሁንና ፊልሙ ይህን ትርፍ ነገር «የተመረጠ» ከመሆን ጋር አያይዞ ያልፈዋል፤ ከምን እንደ ተገኘ አይመረምርም።

የተመረመረው በአይዛክ አሲሞቭ «ፕሮፌሽን» (1957) ነው። በዚያ ዓለም ልጆች በ8 ዓመታቸው ማንበብን፣ በ18 ዓመታቸው ሙያን ከቴፕ በቀጥታ ወደ አንጎላቸው ይቀበላሉ። ጆርጅ ፕላተን ግን አንጎልህ ለቴፕ አይመችም ተብሎ የአእምሮ ደካሞች ቤት ወደሚባል ስፍራ ይላካል። ከዚያ ሾልኮ ወጥቶ የጓደኛውን የትሬቬልያንን ውድድር ይመለከታል። ትሬቬልያን የብረታ ብረት ባለሙያ ነው፤ የሚሸነፈው በውድድሩ የቀረበው መሣሪያ ቴፑ ካስተማረው የተለየ ሞዴል ስለሆነ ነው። አዲሱን መሣሪያ ቁጭ ብሎ አጥንቶ መልመድ የሚባል ነገር በሐሳቡ ውል አይልም። ቀጥሎ ጆርጅ የሚደርስበት እውነት የታሪኩ ማሰሪያ ነው፤ ቴፖቹን የሚሠራ ሰው መኖር አለበት፣ ያ ሰው ደግሞ በቴፕ ሊማር አይችልም። የደካሞች ቤት የተባለው አዲስ ነገር የሚያፈልቁ ሰዎች ማደጊያ ነበር።

አሲሞቭ ሳያውቀው ወደ ቅኔ ቤት ቀርቧል። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ሲወጣ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ይታረማል። የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ ወይም የሌላውን የራስ ማስመሰል ያስነውራል። አገባቡ፣ ግሱ፣ የቤቱ ስፋት ከመምህር ይወረሳል፤ በዚያ ላይ የሚቆመው ሐሳብ ግን ከተማሪው ሊመጣ ግድ ነው። አብሾ ጠጣ የተባለው ተማሪ እንኳ በነገራው ሰዓት የሚጠየቀው ምን ያህል እንደያዘ ሳይሆን ዛሬ ምን ይዞ እንደ መጣ ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን «ፕሮፌሽን» ከ«ዘ ማትሪክስ» በ42 ዓመት ቢቀድምም በሐሳብ ይልቀዋል።

ሽቦው የሚሄድበት አቅጣጫ

የእውነተኛው ቴክኖሎጂ ታሪክ ለዚህ ንባብ ተጨማሪ ማስረጃ ይሰጣል። ሃንስ በርገር የሰውን የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ በ1924 መዘገበ፤ ዣክ ቪዳል በ1973 ሞገዱን ለኮምፒውተር ትእዛዝ ማዋል እንደሚቻል የሚያመለክት ጥናት አወጣ። በ2004 የብሬይንጌት ሙከራ አካሉ ሽባ የሆነ ሰው በሐሳቡ የኮምፒውተር ጠቋሚ እንዲያንቀሳቅስ አስቻለ። ኒውራሊንክ በ2024 መጀመሪያ 1,024 ኤሌክትሮዶች ያሉትን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተከለ፤ በሳምንታት ውስጥም ከቀጫጭን ክሮቹ ብዙዎቹ ከአንጎሉ ተንሸራትተው ወጡ።

በእነዚህ ሁሉ መረጃው የሚፈሰው ከአንጎል ወደ ማሽን ነው። ወደ ውስጥ በማስገባት በኩል ሥራ ላይ የዋለው ዋናው ስኬት መስማት ለተሳናቸው በውስጠኛው ጆሮ የሚተከለው መሣሪያ ነው፤ እሱም የሚያስገባው ድምፅን እንጂ ዕውቀትን አይደለም። ትውስታ በየአንጎሉ የተለየ መልክ ባለው የነርቭ ሴሎች ግንኙነት ተበትኖ ስለሚቀመጥ፣ ከአንዱ ተቀድቶ ለሌላው የሚሰጥ የኩንግ ፉ ፋይል የለም። ልብ ወለዱ መጫንን ሲያልም ሳይንሱ ማንበብን ተያይዞታል።

አዲሱ ጥያቄ የሚነሳውም ከዚሁ ማንበብ ነው። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በሕመም ምክንያት በሚሰማ መልኩ መናገር ያልቻለች ሴትን የንግግር ሙከራ በደቂቃ 62 ቃላት ወደ ጽሑፍ ለውጠዋል። 125,000 ቃላት ባሉት መዝገብ ሲፈተን ከ100 ቃላት 24 ያህሉን ይስት ነበር። መሣሪያው ከአንጎል የሚለቅመው የድምፆችን ፍንጭ ነው፤ ፍንጩን ወደ ዓረፍተ ነገር የሚያደርሰው ግን የትኛው ቃል የትኛውን ይከተላል ብሎ የሚገምት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሞዴል ነው። በሌላ አነጋገር ማሽኑ የሚያምነው የተለመደውን ነው። ቅኔ ደግሞ የሚኖረው ባልተለመደው ነው። ኅብረ ቃሉ ሰሙን ለሁሉ ገልጦ ወርቁን ለሚፈልገው ይሸሽጋል፤ ሰሚው የጠበቀውን ቃል ካገኘ ቅኔው ከሽፏል። ወደሚገመተው እያቀና የሚያነብ መሣሪያ ለባለቅኔ ቢገጠም ሰሙን በትክክል ጽፎ ወርቁን እንደ ስሕተት ሊያርመው ይችላል።

ለአማርኛ ጸሐፊ የቀረ ሥራ

ቴክኖሎጂው ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በ2013 የተመሠረተው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ አይኮግ ላብስ በሮቦቷ ሶፊያ ሶፍትዌር ሥራ ተሳትፏል፤ ሶፊያም በ2018 አዲስ አበባን ጎብኝታለች። በልብ ወለድ በኩል የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከዘመናዊ ሳይንስና ከስለላ ሽኩቻ ጋር አጋጥሞ ሰፊ አንባቢ አፍርቷል። ገዳምና ቤተ ሙከራ በአንድ ታሪክ መኖር እንደሚችሉ አሳይቷል። የቀረው ገዳሙን ከምስጢር ማስቀመጫነት አውጥቶ የአስተሳሰብ ምንጭ ማድረግ ነው። ከውጭ የተዋስነውን ቺፕ ለአገርኛ ገጸ ባሕርይ መግጠም ልብሱን እንጂ ጥያቄውን የእኛ አያደርገውም። አብሾ የአቋራጩን ምኞትና ዋጋ፣ ነገራው ደግሞ የፈጠራን ግዴታ አስቀድመው ሰጥተውናል። መናገር የተሳነው ባለቅኔ በአንጎሉ የተተከለው መሣሪያ ወርቁን ሲያርምበት ምን ያደርጋል? አማርኛ የሳይንስ ልብ ወለድ ይህን ከጻፈ ሌላው ዓለም ገና ያልጠየቀውን ይጠይቃል፤ ጥያቄው ደግሞ በሩቅ መጪ ዘመን ሳይሆን የአማርኛ ቋንቋ ሞዴል በሚሠራበት በዚህ ዘመን መልስ የሚሻ ነው።