ዶቃው፣ ድሩና ሠሪው

የእጅ ጥበብ ትምህርት በተነሣ ቁጥር ሁለት ነገሮች ይምታታሉ፤ ይኸውም ጌጡን ማስሠራትና ሥራውን ማስተማር ናቸው። መምህሩ የተጠናቀቀ የዶቃ አምባር በክፍሉ ፊት ሰቅሎ «ይህን የመሰለ ሥሩ» ቢል፣ ጌጡን አስሠራ እንጂ ሥራውን አላስተማረም። ተማሪው ቀዩ ዶቃ ከቢጫው ቀጥሎ የገባበትን ምክንያት ሳያውቅ ይቀዳል፤ ናሙናው ሲነሣ እጁም ይቆማል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባትን ለታዳጊ ተማሪዎች ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ ስላቆመ፣ ልዩነቱ በሶዶም ሆነ በቦምቤ የመማሪያ ክፍል ጉዳይ ሆኗል።

ነገሩን ወላይታ ላይ አቁሞ መመርመር የሚጠቅመው አገሩ የሸማ አገር በመሆኑ ነው። ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ቀለማት ተሰባጥረው የሚወርዱበት ዱንጉዛ ለወላይታ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ በጊፋታ ሲለበስ እያየ ያድጋል። የዶቃ ሥራም ከዚህ ሙያ የራቀ አይደለም፤ እንዲያውም በአንድ በኩል ራሱ ሽመና ነው። ጠፍጣፋ አምባር ወይም መቀነት ለመሥራት ሁለት ጫፉ የተፈለፈለ አነስተኛ የእንጨት መወጠሪያ ይበቃል። በጎን ሰባት ዶቃ እንዲኖረው ከተፈለገ ስምንት ድር ይወጠራል፤ እያንዳንዱ ዶቃ የሚቀመጠው በሁለት ድሮች መካከል ነውና። ማጉን የያዘው መርፌ ሰባቱን ዶቃ ሰክቶ ከድሩ ሥር ያልፋል። ዶቃዎቹ በጣት ወደ ላይ ተገፍተው በየድሩ መካከል ሲገቡ፣ መርፌው ከድሩ በላይ ሆኖ በዚያው ቀዳዳቸው ይመለሳል። ክሩ እንዳይተለተል አስቀድሞ በሰም ይታሻል። ሰባት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጎዶሎ ቁጥር አንድ መካከለኛ ዶቃ ስላለው፣ ጥለቱ ከዚያ ተነሥቶ ግራና ቀኝ እኩል ይዘረጋል።

ይህን ሁሉ የሸማኔ ልጅ ከአባቱ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ አይቶታል። ድርና ማግ ምን እንደሆኑ መምህሩ ሊነግረው አያስፈልግም፤ ምናልባት እርሱ ለመምህሩ ያስረዳ ይሆናል። በልማድ ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ሆኖ ቢኖርም፣ ዶቃም ለልጃገረዶች ብቻ የተተወ ቢመስል፣ መወጠሪያው በክፍል ውስጥ ሲቆም ሁሉም እኩል ጀማሪ ነው።

የዱንጉዛን ጥለት ወደ ዶቃ ማዛወር ግን መቅዳት አይደለም። በዶቃ ላይ ሰያፍ መስመር ደረጃ ይሆናል፤ ቀጭኑ ሰንበር ከአንድ ዶቃ በታች ሊወርድ አይችልም። ተማሪው ምን ይተዋል፣ ምን ያስቀራል? ጥበቡ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። «ቀይ የዚህ ምልክት፣ ጥቁር የዚያ ምልክት» እያሉ በቃል ማስጠናት ለፈተና ይጠቅም ይሆናል፤ ዓይንን ግን አይገራም።

«ጨሌ» የሚለው ቃልም ሳያስቸግር አይቀርም። በብዙ ሰው ጆሮ ቃሉ ከጌጥነቱ ይልቅ ዛርን ያስታውሳልና፣ ልጁ ጨሌ ሲሰካ ያየ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። መምህሩ ቃሉን ከመሸሽ ይልቅ የዶቃን ዕድሜ ቢያስረዳ ይሻላል። በ2014 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠሩ ጥንታዊ ዶቃዎችን መርምሮ፣ ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅና በደቡባዊ የአፍሪካ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ተመሳሳይ ዶቃ ይሠሩ እንደነበር አሳይቷል። ይህን ያህል ርቀት የተጓዘ ሙያ የአንድ ልማድ ብቻ ንብረት ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በወላይታም፣ እንደ ብዙው የሀገራችን ክፍል፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ አልፊውና ብረት ቀጥቃጩ ሲናቁና ከሌላው ጋር በጋብቻ ሳይተሳሰሩ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ አልተነቀለም። እንግዲህ የሸክላ ሠሪ ልጅ ከገበሬ ልጅ ጎን ተቀምጣ ዶቃ ስትሰካ ነጥብ ይሰጣታል፤ እናቷ በዚያው ዕለት ጭቃ ስታቦካ ስሟ ይነሣል። ከፋብሪካ የመጣው ዶቃ ጥበብ፣ ከመንደር የወጣው ሸክላ ነውር የሚሆንበት ትምህርት ለእጅ ምን ክብር ያስተምራል?

ዶቃ ደግሞ ከሸክላም ይሠራል። ጭቃው በደንብ ተቦክቶ በመዳፍ ይድቦለቦላል፤ በሣር አገዳ ይበሳል፤ እንዳይሰነጠቅ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ከዚያም ይተኮሳል። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ያችው እናት ናት። ወደ ክፍሉ ትጠራ፤ ልጇ ባለችበት፣ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ ታሳይ፤ ለውጭ ባለሙያ የሚከፈለው አበልም ሳይቀነስ ይከፈላት።