ስለ ተኪ ምልክቶችና ስለ ፊደላችን፦ የከሚሴ አካባቢ የቦታ ስሞች እንደ ምሳሌ

በመረጃ ቋት ፍለጋ ጊዜ ባልታወቀ ፊደል ስፍራ የሚገቡት ኮከብ (*) እና የጥያቄ ምልክት (?) አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስማቸው «ዋይልድ ካርድ» ይባላሉ። ስያሜው ከካርታ ጨዋታ የመጣ ስለሆነ ለአማርኛ አንባቢ ተግባራቸውን አይገልጽለትም፤ «ተኪ ምልክት» ቢባሉ ይሻላል። ከስያሜው ይበልጥ መተቸት የሚገባው ግን ለላቲን ፊደል የተበጀው አሠራር ሳይመረመር ለግእዝ ፊደል መዋሉ ነው።

በላቲን ጽሕፈት አንድ «?» አንድ ፊደል፣ ይኸውም ተነባቢ ወይም አናባቢ፣ ይተካል። በእኛ ፊደል ግን ሁለቱንም በአንድነት ይሰውራል። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የምትገኘው የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ስም «ጅሌ» ወይም «ጂሌ» እየተባለ ይጻፋል። ሁለቱን ከቃላት ዝርዝር ለማውጣት «?ሌ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ባሌ»ንም አብሮ ያገኛል። «[ጀ-ጆ]ሌ» ቢል ግን ተነባቢው ጸንቶ አናባቢው ብቻ ይለቀቃል። በኮድ ቅደም ተከተል በሚሠሩ ፕሮግራሞች ይህን ያስቻለው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ወደ ዩኒኮድ የገባው ፊደላችን በየቤቱ መደርደሩ ነው። ሞክሼ ፊደላት ግን የተለያየ ስፍራ አላቸው፤ ስለሆነም ደዌ ሃረዋን የሚሻ «[ሀሃሐሓኀኃ]ረዋ» ብሎ መዘርዘር ይኖርበታል።

ኮከቡም ጥንቃቄን ይሻል። የዞኑን ዋና ከተማ ለማግኘት በጽሑፍ ክምችት ውስጥ «ከሚ*» ብንል «ከሚመጣው»ና «ከሚሄዱት» የመሳሰሉት ግሦች ያጥለቀልቁናል፤ «የከሚሴ»ና «ለከሚሴ» ግን ያመልጡናል። «*ከሚ[ሴሤ]*» የሚለው ጥያቄ ቅድመ ቅጥያውንም፣ ድኅረ ቅጥያውንም፣ የ«ሰ»ና የ«ሠ»ንም ልዩነት ያስተናግዳል።

አንዳንዶች ችግሩን ለማቃለል ሞክሼዎቹ በምዝገባ ጊዜ ወደ አንድ ፊደል ይጠቅለሉ ይላሉ። ለፍለጋ ብቻ በሚያገለግል ቅጂ ላይ ቢደረግ ጉዳት የለውም። በዋናው መዝገብ ላይ ከተደረገ ግን የመዝገበ ቃላት አዘጋጁን ማስረጃ ያጠፋል፤ የፀሐይ መውጣትን የሚያመለክተው «ሠረቀ» ከስርቆቱ «ሰረቀ» የሚለየው በፊደሉ ነውና። ተርጓሚውም የቦታው ስም በምንጩ እንዴት እንደ ተጻፈ ማወቂያ ያጣል። ስለዚህ መስተካከል ያለበት ጥያቄያችን ነው፤ መዝገቡ እንደ ተጻፈ ይቆይ።