ብዙዎች ለጠሉት ፊልም ጥብቅና ስለ መቆም

አንድ ምሽት ከጓደኞቻችን ጋር ተሰብስበን «ሄቨንስ ጌት» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ስንመለከት፣ ትርኢቱ ገና ከመንፈቁ ሳይደርስ ከተቀመጡት ውስጥ እኩሌቶቹ ተነሥተው ሄዱ። በማግሥቱ ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «ያንቀላፋል፤ ደግሞም ዓለም ሁሉ የናቀው ፊልም ነው» አሉን። እኛም የመለስንላቸው «እኛ ግን ወደድነው» ብለን ብቻ ነበር። ቈይተን ስናስበው፣ የእነርሱም ነቀፋ የእኛም መልስ እኩል ደካማ ሆኖ አገኘነው። «ሁሉ ጠልቶታል» የሚለው ቃል ስለ ሰው ብዛት ይናገራል፤ «እኛ ወደድነው» የሚለውም ስለ ተናጋሪው ይናገራል፤ በሸራው ላይ ምን እንደ ታየ ግን አንዱም አያስረዳም። ስለዚህ ያን ጊዜ ልንሰጠው ይገባን የነበረውን መልስ በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ እንሞክራለን። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ፊልሙ እንዴት እንደ ወደቀ ማስታወስ ይገባል። አዘጋጁ ማይክል ቺሚኖ በ1978 ባወጣው «ዘ ዲር ሃንተር» በተባለው ፊልሙ ምርጥ ፊልምና ምርጥ አዘጋጅ የሚባሉትን ጨምሮ 5 የኦስካር ሽልማቶች ተገኝተው ነበር። ከዚህም የተነሣ ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለው ኩባንያ ለሚቀጥለው ሥራው ሰፊ ነጻነት ሰጠው። መጀመሪያ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር የተገመተው ወጪ በመጨረሻው 44 ሚሊዮን ያህል ደረሰ። ፊልሙ በኅዳር ወር 1980 በኒው ዮርክ ሲታይ ርዝመቱ 219 ደቂቃ ነበር። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሐያሲ ቪንሰንት ካንቢ እጅግ ብርቱ በሆነ ቃል ነቀፈው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ኩባንያው በአንድ ሳምንት ውስጥ ፊልሙን ከትርኢት አነሣ፤ በ1981 ወደ 149 ደቂቃ አሳጥሮ እንደ ገና አወጣው፤ ነገር ግን የተገኘው ገቢ 3 ሚሊዮን ተኩል ያህል ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ራሱ ለሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ተሸጠ። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» እንደሚባለው ከዚያ ወዲህ የፊልሙ ስም የኪሳራ ምሳሌ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን፣ ከዚህ ሁሉ ፍርድ ውስጥ ከፊሉ የሒሳብ መዝገብ ፍርድ መሆኑን ነው። ገንዘቡን ያፈሰሰው ኩባንያ ስለ ገንዘቡ ቢያዝን መብቱ ነው። በፊልሙ ውስጥ ድርሻ የሌለው ተመልካች ግን የሌላውን ሰው ኪሳራ እንደ ራሱ ቈጥሮ በሥራው ላይ የሚፈርድበት ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ ነቃፊዎቹ ሁሉ ስለ ገንዘብ ብቻ ተናገሩ ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ፊልሙ ዝግተኛ ነው፣ ታሪኩ ጭብጥ የለውም፣ ንግግሩም በጫጫታ ተውጦ አይሰማም ብለዋል። መልስ የሚያስፈልገው ይህ ነቀፋ ነው።

ታሪኩ በዋዮሚንግ ግዛት በ1892 በጆንሰን ካውንቲ በተደረገው ጠብ ላይ የተመሠረተ ነው። የባለ ብዙ ከብት ባላባቶች ማኅበር፣ በምድሩ ላይ የሰፈሩትን ድኾች የከብት ሌቦች ናቸው በማለት ቅጥር ነፍሰ ገዳዮች ያዘምትባቸዋል። ሊገደሉ የተወሰነባቸው 125 ሰዎች ስም በዝርዝር ተጽፏል። ክሪስ ክሪስቶፈርሰን የሕግ አስከባሪውን አቨሪልን፣ ኢዛቤል ዩፔር ኤላን፣ ክሪስቶፈር ዎከን ደግሞ ለማኅበሩ የሚገድለውን ሻምፒዮንን ሆነው ይሠራሉ።

አሁን ጓደኞቻችን ተነሥተው ወደ ሄዱበት ክፍል እንምጣ። «የሰማይ በር» የሚል ስም ባለው አንድ ሰፊ የእንጨት አዳራሽ ውስጥ አንድ ወጣት ባለ ተሽከርካሪ ጫማ አድርጎ ቫዮሊኑን እየመታ ብቻውን ይዞራል። ቀጥሎ ሕዝቡ ሁሉ፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ በዚያው ዓይነት ጫማ ሆኖ ይከተለዋል። ክፍሉ ረዥም ነው፤ ታሪኩንም አንዲት እርምጃ ወደ ፊት አያራምደውም። ነገር ግን ቈየት ብሎ አቨሪል በዚያው አዳራሽ ቆሞ የሚገደሉትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ሲያነብ እንሰማለን። ስሙ የሚጠራው ሰው ትናንት ሲዞር፣ ሲወድቅና ሲስቅ ያየነው ሰው ነው። የመጀመሪያው ክፍል ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው የስም ዝርዝር ብቻ በሆነ ነበር። በሌሎች የካውቦይ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ የመንደር ሕዝብ የሚመጣው ለመሞት ወይም ለመዳን ብቻ ነው፤ ቺሚኖ ግን ሕዝቡን ከመግደሉ በፊት ለመኖር ጊዜ ሰጠው። ስለዚህ ዝግታ ተብሎ የተነቀፈው ነገር፣ በእኛ አስተያየት፣ የፊልሙ ዋና አሳብ የተሸከመበት ነገር ነው።

ለዚህም አሳባችን የሚረዳን አንድ ማስረጃ አለ። በ1981 ፊልሙ 70 ደቂቃ ያህል ተቈርጦለት ታይቷል፤ ተመልካች ግን አልተመለሰም። በእርግጥ የአንድ ፊልም ስም ከጠፋ በኋላ በማሳጠር ብቻ ይመለሳል ተብሎ አይጠበቅም። ሆኖም የፊልሙ በሽታ ርዝመቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በአጭሩ ቅጅ ላይ የተሰጠው አስተያየት በጎላ ሁኔታ የተሻለ መሆን ይገባው ነበር።

ታሪኩ ጭብጥ የለውም ለሚለውም እንዲህ እንመልሳለን። ፊልሙ የተያያዘው በነገር ሳይሆን በክብ ቅርጽ ነው። በመጀመሪያው ላይ፣ በ1870፣ የሐርቫርድ ተመራቂዎች በሣር ሜዳ ላይ ክብ ሠርተው ዋልስ ይጨፍራሉ፤ በመካከል ድኾቹ በአዳራሹ ውስጥ በክብ ይዞራሉ፤ በመጨረሻም እነዚሁ ድኾች በፈረስና በጋሪ ሆነው ነፍሰ ገዳዮቹን ከብበው ይዋጋሉ። ድል ሊያደርጉ ጥቂት ሲቀራቸው የመንግሥት ጦር ደርሶ ገዳዮቹን ያድናል። በምርቃቱ ቀን ለጓደኞቹ ሁሉ ንግግር ያደረገው ኧርቪን፣ በኋላ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ግድያውን ቢቃወምም፣ ሰካራም ሆኖ ከገዳዮቹ ጋር አብሮ ይዘምታል። የተማረ ሰው ክፋትን አውቆ፣ በቃልም ነቅፎ፣ ከእርሱ ግን ሳይለይ እንደሚቀር ይህን ያህል የሚያሳይ ፊልም ብዙ አላየንም። ለኮሌጅ ተማሪ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ጉድለቱን መሸሸግ አይገባንም። አንደኛ፣ ፊልሙ ታሪክን አዛብቷል። እውነተኞቹ ኤላ ዋትሰንና ጂም አቨሬል የተሰቀሉት በ1889 ነው፤ ስለዚህ በ1892 ጠብ ውስጥ ሊገኙ አይችሉም። በእውነተኛውም ዘመቻ ወደ 50 ከሚጠጉት ወራሪዎች ጋር የተደረገው ውጊያ ፊልሙ እንደሚያሳየው ያለ ታላቅ እልቂት አላደረሰም። ፈረሰኛው ጦር ደርሶ ወራሪዎቹን ማዳኑ ግን እውነት ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ስንኳ አልተፈረደበትም። ሁለተኛ፣ ኤላ በሁለት ወንዶች መካከል የቆመች ከመሆን አልፋ የራሷ አሳብ ያላት ሰው ሆና በበቂ አልተሣለችም። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። ፊልሙ በሚነሣበት ጊዜ በፈረሶችና በሌሎች እንስሳት ላይ ስለ ደረሰው ጉዳት የአሜሪካ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ብርቱ ተቃውሞ አሰምቷል። ለዚህ ጥብቅና አንቆምም። የሥዕሉ ማማር ለጭካኔ ካሣ አይሆንም።

ስለ ራሳችንም አንድ ነገር እንናዘዝ። በ1957 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር «መሬት ላራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ከተሰለፉት ተማሪዎች ወንበር ላይ የተቀመጥን እንደ መሆናችን፣ ስለ መሬት፣ ስለ ባላባትና ስለ ድኻ የሚናገር ፊልም ጆሯችንን አስቀድሞ የተዘጋጀ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ፊልሙን የወደድነው ስለ ሥራው ነው ወይስ ስለ ወገናችን? ብለን ራሳችንን መጠየቅ ነበረብን። መልካም ዓላማ ይዘው መጥፎ የሆኑ ፊልሞች ብዙ ናቸውና። የእኛ መልስ ቀደም ብለን የገለጽናቸው ክፍሎች ናቸው፤ እነርሱ ባይኖሩ ዓላማው ብቻውን አያስቀምጠንም ነበር።

በቅርብ ዘመን የፊልሙ ዕድል ተለውጧል። በ2012 216 ደቂቃ የሚፈጀው የታደሰ ቅጅ በቬኒስ የፊልም በዓል ታየ፤ በ2015 ደግሞ ቢቢሲ ከሐያስያን በሰበሰበው ድምፅ ከ100 ታላላቅ የአሜሪካ ፊልሞች 98ኛ ሆኖ ተቈጠረ። ይህን ግን ለክርክራችን ማስረጃ አናደርገውም። የትናንቱ ብዙኀን ፍርድ ካላስረዳን፣ የዛሬዎቹ ሐያስያን ፍርድ ስለ ተስማማን ብቻ ሊያስረዳን አይችልም። የዣን ሬኗር «የጨዋታው ሕግ» በ1939 ፓሪስ ውስጥ ተፉጭቶበት ኋላ ከታላላቆቹ ተቈጥሯል። ነገር ግን ከእርሱ ጋር የተጠሉ ብዙ ፊልሞች የተጠሉት በሚገባቸው ነበር። መጠላት የታላቅነት ምልክት አይደለም።

በአጭሩ፣ ለተጠላ ፊልም ጥብቅና የሚቆም ሰው ያየውን በዝርዝር ይግለጽ፤ ጉድለቱን ከነቃፊው ቀድሞ ይናገር፤ ከብዙኀን በመለየቱም አይኵራ። በዚያ ምሽት ተነሥተው የሄዱት ጓደኞቻችን ይህን አንብበው ፊልሙን እስከ መጨረሻው ቢመለከቱና አሁንም አንወደውም ቢሉ ቅር አንሰኝም። የምንለምናቸው ምክንያታቸውን በዚሁ መጽሔት ላይ እንዲጽፉልን ብቻ ነው።