ለሚፈታው ሰው ታስቦ የተገጠመ ብረት

መኪና ፊት ላይ ብረት መለጠፍ ቀላል ነው። በያጁ ቱቦ ቆርጦ ሻንሲው ላይ ይበይድና ጥቁር ቀለም ቀብቶ ያስረክባል፤ ከሩቅ ሲያዩትም ግርማ አለው። በሙያ የተገጠመ የብረት ፓራውልት ግን አንድ ቀን የሚፈታው ሰው እንዳለ ታስቦ ይሠራል። ያ ሰው ጂንካ ወይም ሰመራ ያለ መካኒክ ሊሆን ይችላል። ሥራው ሲሠራ አላየም፣ የሠራውንም ሰው አያውቅም፤ በእጁ ያለው አንድ ሳጥን ቁልፍ ብቻ ነው። እኔ የባለሙያን ደረጃ የምለካው ለዚህ ለማያውቀው ሰው ምን ያህል እንደተጨነቀለት አይቼ ነው።

ይህን ያስተማረኝ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ጋራዥ ቆሜ ያየሁት ሥራ ነው። መኪናው ቱሪስት ይዞ ወደ ዳናኪል የሚወርድ ላንድክሩዘር 76 ነበር። ቶዮታ የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮችን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከስር ጠንካራ ሻንሲ አለ፤ ቦዲው ከላይ በጎሚኒ ላይ ተቀምጧል። ፓራውልቱ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ ነው፤ ጎኑ ያለው ፓራፋንጎ ደግሞ የቦዲው አካል ነው። መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲሄድ ቦዲው በጎሚኒው ላይ ይወዛወዛል፣ ሻንሲው ግን አብሮት አይወዛወዝም። ስለዚህ በፓራውልቱና በፓራፋንጎው መካከል ክፍተት ያስፈልጋል። ጠበብ ካለ ብረቱ የፓራፋንጎውን ቀለም ይልጠዋል፤ ከሰፋም፣ ግራና ቀኙ ከተለያየም ያስጠላል።

ባለሙያው ለዚህ ክፍተት የሰጠው ጊዜ አስገረመኝ። ቡሎኖቹን ሁሉ በጣቱ ብቻ አስገብቶ ተዋቸው። ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ብረት በክሪክ ደግፎ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያደረገ አንዲት ቀጭን የእንጨት ቁራጭ በየቦታው በክፍተቱ ውስጥ አሳለፋት። በቀኝ በኩል ስትገባ በግራ ያዛት።

«ጋሼ፣ አሁንማ ደህና ነው፤ እናጥብቀው» አለ ረዳቱ።

«እንጨቷ በሁለቱም በኩል እኩል ትለፍ፤ ከዚያ ታጠብቃለህ» አለው፣ ቀና ሳይል።

እኩል ስታልፍ ነው ማጥበቅ የጀመሩት። አንዱን ከግራ፣ ቀጥሎ አንዱን ከቀኝ እያፈራረቁ፣ በመጨረሻም በቶርክ ቁልፍ ልኩን ሰጡት። ከዚያ በኋላ ባለሙያው በነጭ ቀለም ከቡሎኑ እስከ ዳዶው የሚደርስ ቀጭን መስመር በእያንዳንዱ ላይ አሰመረ። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል። ሹፌሩ ጠዋት ጎማ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ይህንንም ያያል፤ ቁልፍ ማንሳት ሳያስፈልገው የላላውን ይለያል።

ሻንሲው ላይ አንድም አዲስ ቀዳዳ አልተበሳም። ፋብሪካው የተዋቸው ቀዳዳዎች በቂ ነበሩ። ዳዶና ቡሎኖቹንም የመረጠው መኪናው ራሱ በሚፈታባቸው በ14 እና በ17 ቁልፍ እንዲፈቱ አድርጎ ነው። አሮጌው ፓራውልት የታሰረባቸው ቡሎኖች በትንሽ ከረጢት ታስረው ከመቀመጫው ስር ገቡ። ባለቤቱ አንድ ቀን መኪናውን ወደ ነበረበት ልመልስ ቢል ሁሉም ነገር እጁ ላይ ነው።

በዚህ ሙያ አውስትራሊያውያን ትልቅ ስም አላቸው፤ ካንጋሮ በምሽት መንገድ የሚያቋርጥበት አገር ስለሆነ ነገሩን በቁም ነገር ይዘውታል። አንቶኒ ሮናልድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1975 ሜልቦርን ላይ የመሠረተው ኤአርቢ ከስመ ጥሮቹ አንዱ ነው። የእኛ ካንጋሮ ግመል ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ በማታ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ግመል እግሩ ረጅም ስለሆነ ሲመታ ገላው በኮፈኑ ላይ አልፎ ወደ መስታወቱ ይመጣል፤ የትኛውም ፓራውልት ከዚህ በደንብ አያድንም። የሚያድነው ቀድሞ ማየት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያልፋል። ሹፌሩ እስኪነቃ፣ ፍሬን ይዞ እስኪቆም ድረስ ወደ 70 ሜትር ይሄዳል፤ አጭር መብራት ደግሞ ይህን ያህል ርቆ አያሳይም። ስለዚህ የሥራው ልብ ያለው መብራቱ ላይ ነው።

ፓራውልቱ ላይ የተገጠሙት ሁለት ተጨማሪ መብራቶች እያንዳንዳቸው 100 ዋት ናቸው። በ12 ቮልት ሲሰላ አንድ ላይ ወደ 17 አምፔር ይስባሉ። ይህን ያህል ጉልበት በዳሽቦርዱ ማብሪያ በኩል ማሳለፍ ማብሪያውን ማቅለጥ ነው። ሪሌ የሚገባው ለዚህ ነው። ከማብሪያው የሚመጣው ጥቂት የአምፔር ክፍልፋይ በ85 እና በ86 ቁጥር እግሮቹ ገብቶ ሪሌውን ያነቃዋል፤ ትልቁ ጉልበት ከባትሪው ተነስቶ በ30 ገብቶ በ87 ይወጣል። ይህን ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪሺያን ያውቃል። ሙያው የሚለየው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው።

ብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ የፊት መብራት ማብሪያው የሚያበራና የሚያጠፋው ፖዘቲቩን አይደለም፤ ኔጌቲቩን ነው። አምፖሉ ጋ ፖዘቲቭ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል፣ ማብሪያው መሬቱን ሲያገናኝለት ይበራል። ይህን ሳያጣራ በለመደው መንገድ የሚቀጥል ሰው መብራቱ እንቢ ይለዋል፤ ከዚያ ገመድ እየላጠ፣ እየቀጠለ፣ እየቆረጠ የፋብሪካውን ሥራ ያበላሻል። የኔው ባለሙያ መጀመሪያ ቴስተሩን አውጥቶ ረጅሙን መብራት እያበራና እያጠፋ የትኛው ሽቦ እንደሚለወጥ አየ። ከዚያ የሪሌውን እግሮች በዚያው መሠረት አገናኘ። አንድም የመኪናው ሽቦ አልተቆረጠም።

የሽቦው ውፍረትም ቀልድ አይደለም። ቀጭን ሽቦ በመንገዱ ላይ ቮልቱን ይበላል። የአምፖል ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል፤ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል። ውድ መብራት ገዝቶ በቀጭን ሽቦ ማሰር የገንዘቡን ሲሶ መጣል ነው። ባለሙያው ባለ 4 ካሬ ሽቦ ተጠቀመ፤ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ አኖረው፤ ሽቦው የትም ቢላጥ ፊውዙ ቀድሞ ይቆርጣል። መሬቱን ያሰረበትን ቦታ ቀለሙን ፍቆ፣ ብረቱን አንጽቶ፣ ካጠበቀ በኋላ ግሪስ ቀባው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ዓይኔን ያዘው። ሽቦው ወደ መብራቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። የዝናብ ውሃ ሽቦውን ይዞ ሲወርድ ከታጠፈው ስር ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። ከአምስት ሳንቲሜትር የማይበልጥ እጥፋት ናት፤ ዋጋ የላትም፣ ደረሰኝ ላይ አትጻፍም። የመብራቱ ዕድሜ ግን በእሷ ይወሰናል።

የቦታ ምርጫውም ታስቦበታል። መብራቶቹ ፖርቶ መጋላው ላይ ቢወጡ ኮፈኑን ራሱን ያበሩታል፣ አቧራ ሲነሳም ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ይወጋል። ፓራውልቱ መሃል ላይ ቢሰለፉ ደግሞ ራዲያተሩ ፊት ቆመው በአፋር ሙቀት አየር ይከለክሉታል። ስለዚህ ግራና ቀኝ ተለያይተው ተቀመጡ። ማነጣጠሩም ባዶ መኪና ላይ አልተደረገም። ጄሪካኖች በውሃ ተሞልተው ኋላ ተጫኑ፣ ባሌስትራው በጉዞ ቀን እንደሚሆነው ተጫነ፤ ከዚያ ነው ግድግዳ ፊት ቆሞ መብራቱ የተስተካከለው። ኋላው ሲወርድ ፊቱ ይነሳል፤ ባዶውን የተስተካከለ መብራት ዕቃ የተጫነ ለት ሰማይ ነው የሚያበራው።

በመጨረሻ የፊውዙ ሳጥን ክዳን ላይ ምን ከምን ጋር እንደተገናኘ በአማርኛ የተጻፈ ትንሽ ወረቀት በፕላስተር ተለጠፈ፤ አጠገቡም ሁለት መለዋወጫ ፊውዝ ተቀመጠ። ያ ወረቀት የተጻፈው ሰመራ ላለው መካኒክ ነው። ከአዲስ አበባው ባለሙያ ጋር ላይገናኙ ይችላሉ፤ ግን አንዱ ለሌላው አክብሮት ሰጥቷል።

እንዲህ ያለ ሥራ ከብየዳው ይበልጥ ያስከፍላል፤ የሚወስደው ሰዓትም ብዙ ነው። ባለ መኪና ሁሉ ተገቢውን ሰዓትና ተገቢውን ዋጋ ሳይከራከር ቢሰጥ፣ ረዳቱም ነገ በዚያው መንገድ የሚሠራበት ምክንያት ያገኛል። መኪናችሁን ስትረከቡ ከቀለሙ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ምን ተቆረጠ? በምን ቁልፍ ይፈታል? ፊውዙ የት ነው? ጥሩ ባለሙያ ሦስቱንም ጎንበስ ብሎ በጣቱ ያሳያችኋል፤ ሲያሳያችሁም ደስ ይለዋል።