ሰሙ ከዘፋኙ፣ ወርቁ ከአድማጩ፤ የግል ኀዘን በዘመናዊ የአማርኛ ዘፈን

በዘመናዊ የአማርኛ ዘፈን ላይ በየጊዜው በሚጻፈውና በሚነገረው አስተያየት ውስጥ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚደጋገም አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ዘፋኙ ምን ቢደርስበት ይሆን እንዲህ ብሎ የዘፈነው?» የሚለው ነው። ጋዜጠኛው ዘፋኙን ፊት ለፊት ባገኘው ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ይህንኑ ነው፤ አድማጩም በቡና ላይ የሚከራከረው በዚሁ ነው። ጥያቄው ከንቱ ነው ለማለት አይቻልም፤ ዘፈን ሰው ከሚኖረው ኑሮ ተለይቶ አይወለድምና። ዳሩ ግን የዘፋኙ የሕይወት ታሪክ ምንም ያህል ቢጠና፣ ያንን ዘፋኝ በዐይኑ አይቶት የማያውቅ፣ መከራውም ያልደረሰበት ሰው ዘፈኑን ሲሰማ ስለ ምን የራሱን ኀዘን እንደሚያለቅስ ሊያስረዳ አይችልም። ለባህል ጥናት ዋናው ጉዳይ ደግሞ ይኸኛው ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ በዘፈኑ ውስጥ «እኔ» እያለ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራና በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የተደላደለው ልማድ ሥራውን ለብዙ ሰው ያካፍላል። ግጥሙን አንዱ ይደርሰዋል፤ ዜማውን ሌላው ያወጣዋል፤ እንደ ሳህሌ ደጋጎና እንደ ነርሲስ ናልባንዲያን ያለው ባለሙያ ለመሣሪያዎቹ ያቀናብረዋል፤ በመጨረሻም ዘፋኙ ይዘፍነዋል። ከዚያ በኋላ በመጣው የካሴት ዘመንም ይልማ ገብረአብና ሙሉጌታ ተስፋዬ ለብዙ ዘፋኞች ግጥም፣ አበበ መለሰም ዜማ ሰጥተዋል። ስለዚህ ሕዝቡ የዘፋኙ የልብ ምሥጢር ነው ብሎ የሚቀበለው ቃል ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው ልብ የወጣ ነው፤ የዚያም ሰው ስም ብዙውን ጊዜ ከካሴቱ ሽፋን አልፎ አይነገርም። የግል መከራ ወደ ዘፈን የሚለወጥበት የመጀመሪያው ደረጃ እንግዲህ ይህ ነው፤ ኀዘኑ ከደራሲው እጅ ወጥቶ ገና ወደ አድማጩ ሳይደርስ ባለቤቱን ለውጧል።

ይህ አሠራር ከመለከቱና ከፒያኖው ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መሣሪያው እንጂ ልማዱ አዲስ አይደለም። በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ኀዘንን በዜማ የማውጣት ሦስት የታወቁ መንገዶች ከጥንት ጀምሮ አሉ። አንደኛው እንጉርጉሮ ነው። እንጉርጉሮ ወፍጮ የምትፈጭ ሴት ወይም ከብት የሚጠብቅ እረኛ ለብቻው የሚያሰማው ነው፤ አድማጭም አይፈልግም። ሁለተኛው ሙሾ ነው። በለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ የሟቹን ስም፣ ወገንና ሙያ ከዘመድ ተረድታ በግጥም ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም እየተቀበለ ያለቅሳል። ይሁን እንጂ ለቀስተኛው ሁሉ የሚያለቅሰው ለዚያ ሟች ብቻ አለመሆኑን ለቅሶ ደርሶ የሚያውቅ ሰው አይስተውም፤ ባል የሞተባት ባሏን፣ ልጅ የቀበረችም ልጇን በልቧ እያነሣች ታለቅሳለች። ሦስተኛው የአዝማሪ ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል። ግጥሙን ያወጣው ሌላ፣ ድምፁን ያሰማውም ሌላ ነው። ሰው በገዛ አፉ ሊናገረው የሚያፍርበትን ብሶት በአዝማሪ አፍ ያናግረዋል ማለት ነው። ዘመናዊው ዘፈን የሦስቱም ወራሽ ነው፤ ከእንጉርጉሮ ብቸኝነትን፣ ከሙሾ የሚጋሩትን ኀዘን፣ ከአዝማሪ ደግሞ የሌላውን ቃል እንደ ራስ አድርጎ የመናገርን ሥልጣን ወርሷል።

የዚህ ውርስ ፍሬ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በትዝታ ነው። ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከሚቈጠሩት ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች የአንዱ ስም ነው፤ ደግሞም በዚያ ቅኝት የሚዘፈነው የዘፈን ስም ነው፤ ከዚህም በቀር የስሜት ስም ነው። ካሳ ተሰማ በክራሩ፣ ጌታቸው ካሳ በኦርኬስትራ፣ እንዲሁም ማሕሙድ አህመድና በዛወርቅ አስፋው እያንዳንዳቸው ትዝታን ዘፍነዋል፤ አንዱ የሌላውን ወሰደ ብሎ የከሰሰ ግን የለም። ዜማው እንደ ወል ግጦሽ የጋራ ነው፤ ግጥሙም ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ይዘዋወራል፤ ዘፋኙ የራሱን ጥቂት ስንኝ ጨምሮ ያልፋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው 10ኛው ክፍል ለትዝታ የተሰጠ ነው። የተለያዩ ዘፋኞችን ትዝታ ጎን ለጎን በማቅረቡ፣ አንድ ዜማ የስንቱን ሰው ኀዘን እንደሚይዝ ለመመርመር ለሚፈልግ ተማሪ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ነገር ግን በንዑስ ርእሱ ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ማሰኘቱ ግማሽ እውነት ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝም ከዘፋኝ ወደ ዘፋኝ የሚዘዋወሩ ስንኞች ስላሉት ንጽጽሩ መሠረት የለውም አይባልም። ልዩነቱ በትዝታ ውስጥ የሚታወሰው ሰው ብቻ ሳይሆን ማስታወሱ ራሱ እንደ ሰው ተቈጥሮ የሚጠራ፣ የሚወቀስና የሚለመን መሆኑ ነው። ዘፋኙ የሚነጋገረው ከሄደው ሰው ጋር ሳይሆን ከትዝታው ጋር በመሆኑ፣ የሄደው ሰው ማንነት ሳይነገር ይቀራል፤ ያም ባዶ ስፍራ ለአድማጩ ይተርፋል።

ስለዚህ ባዶ ስፍራ ሲነሣ ሰምና ወርቅን ማስታወስ የግድ ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የቅኔ መንገድ የአማራው ኅብረተሰብ አነጋገርና ጠባይ መግለጫ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘፈን የሚጽፉ ብዙዎች ይህንኑ አሳብ እንዳለ ተቀብለው፣ እያንዳንዱ ዘፈን አንድ የተደበቀ ወርቅ እንዳለው ቈጥረው ይፈልጉታል። በቅኔ ቤት ይህ ትክክል ነው። ባለ ቅኔው ወርቁን አስቀድሞ አስቦታል፤ ሰሚውም ሰሙን አቅልጦ ያንኑ ወርቅ ሲያገኝ ቅኔውን ፈታ ይባላል። በዘፈን ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዘፋኙ የሚያቀርበው ሰሙን ነው፤ ወርቁን ግን አድማጩ ከራሱ ኑሮ ይዞት ይመጣል። አንድ ሺህ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ አንድ ሺህ ወርቅ አለ፤ ከእነዚህም አንዱ ስሕተት ነው ለማለት የሚችል መምህር የለም።

ቋንቋውም ራሱ ለዚህ ያግዛል። በአማርኛ ግሥ ውስጥ አንተና አንቺ ተለይተው ስለሚነገሩ ዘፈኑ የማን ለማን እንደ ሆነ የተወሰነ ይመስላል፤ ነገር ግን አገርም፣ እናትም፣ ከተማም፣ ሕይወትም «አንቺ» ሊባሉ ይችላሉ። የስሜቱ መኖሪያ ሆኖ የሚጠራውም ሆድ፣ አንጀትና ልብ እንጂ የተለየ ቦታና ቀን አይደለም፤ ሆድ ሲብሰው ስለ ምን እንደ ባሰው ሳይነገር ያልፋል። ስንኞቹም ሁለት ሁለት ሆነው ቤት እየመቱ በየራሳቸው ስለሚዘጉ፣ አድማጩ ዘፈኑን በሙሉ ሳይሆን ለእርሱ የሚስማማውን አንዱን ስንኝ ብቻ ነቅሎ ወደ ቤቱ ሊወስድ ይችላል።

ከዘፈኖች ሁሉ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ በነበሩት በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ ንዋይ መሪነት የተነሣው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ፣ የዚያው ክፍል ዘፋኝ የነበረው ጥላሁን ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ነበር። የፍቅር ብሶት የሆነው ዘፈኑም በብዙ ሰው ጆሮ የአገዛዝ ብሶት ሆኖ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘፈኑ ሁለት ወገን ተከራክሯል። አንደኛው ወገን ፍቅሩ ሽፋን ነው፣ ፖለቲካው እውነተኛው ነው ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ፍቅር ብቻ ነው፣ የቀረው የሰው ፈጠራ ነው ይላል። ሁለቱም የሳቱት አንድ ነገር ነው። «መቻል» በአማርኛ አቅም ማግኘትንም፣ መከራን መሸከምንም የሚገልጽ ግሥ ነው። «አልቻልኩም» ያለ ሰው ምን ማድረግ እንዳቃተው ወይም ምን መሸከም እንደ ከበደው አልተናገረም። ቃሉ ተሳቢ የለውም፤ ተሳቢውን የሚያስገባው አድማጩ ነው። ፍቅር ያቃተው ፍቅሩን፣ ግዛት የከበደውም ግዛቱን ያስገባበታል። የዘፈኑ ኀይል ያለው እንግዲህ በተደበቀ ፖለቲካ ላይ ሳይሆን በዚህ ክፍት በር ላይ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የሌሊቱን የሙዚቃ ቤት ኑሮ ዘጋው፤ ዘፈንም ከአዳራሽ ወጥቶ ወደ ካሴት ገባ። ቀድሞ በብዙ ሰው መካከል ይሰማ የነበረው ኀዘን በዝግ ቤት፣ ለብቻ ወይም ከቤተሰብ ጋር መሰማቱ አድማጩን ወደ እንጉርጉሮ መለሰው። ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገችው አስቴር አወቀ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዳ በዋሺንግተን በስደት ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ትዘፍን ነበር፤ «አስቴር» የተባለው አልበሟም እ.ኤ.አ. በ1989 በለንደን ታተመ። ከዘፈኖቿ ብዙዎቹን ራሷ የደረሰች በመሆኗ፣ የግል ሕይወት ለዘፈን ምንጭ ነው ለሚለው አሳብ ከማንም ይልቅ የምትመች ትመስላለች። ይሁን እንጂ ስለ መለየትና ስለ ናፍቆት የዘፈነችውን ዋሺንግተን ያለው ስደተኛ ስለ አገሩ አድርጎ ሲሰማው፣ አገሩን ለቅቆ የማያውቀው የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ባሕር ማዶ ስለ ሄደ ወንድሙ ወይም በዚያው ዘመን በሰሜን ጦር ሜዳ ስለ ነበረ ልጁ አድርጎ ሰምቶታል። የሄደው ለቀረው፣ የቀረውም ለሄደው በአንድ ዘፈን አልቅሰዋል። ዘፋኟ የራሷን ስደት ቀን ቈጥራና ቦታ ጠርታ ብትተርከው ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ዘፋኙ የራሱን ጉዳይ በግልጥ ይናገርበታል በሚባለው በምዕራቡ ዓለም ዘፈን እንኳ ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ካናዳዊቷ ጆኒ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣችው «ብሉ» የተባለው አልበም የግል ኑዛዜ ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ግጥሙም ዜማውም ድምፁም የእርሷው ነው። በአልበሙ ውስጥ ያለው «ሊትል ግሪን» እ.ኤ.አ. በ1965 ወልዳ በችግር ምክንያት ለጉዲፈቻ ስለ ሰጠቻት ሴት ልጇ የተደረሰ ነው። ይህ ምሥጢር በይፋ የታወቀው ግን በ1990ዎቹ ውስጥ ነው፤ እናትና ልጅ የተገናኙትም እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በመካከሉ ከ20 ዓመት በላይ ብዙ ሰው ዘፈኑን የማንን ልጅ እንደሚመለከት ሳያውቅ ወድዶታል። ታሪኩ ከታወቀ በኋላ ዘፈኑ አንድ ትርጉም አገኘ፤ ነገር ግን ያ ሁሉ አድማጭ የየራሱን መለየት ያኖረበት ስፍራ በዚያው ልክ ጠበበ። ታሪክ ማወቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋም ያስከፍላል።

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የዘፋኙ መከራ ምንም አይጠቅምም ከተባለ፣ ሕዝቡ ያየና የቀመሰ ዘፋኝን ከሌላው አብልጦ የሚወደው ስለ ምንድን ነው? መልሱ በቃልና በድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት በማስተዋል ይገኛል። አድማጩ «አንጀቴን በላችው» የሚለው ግጥሙን ካነበበ በኋላ አይደለም፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲጎተትና በመጨረሻው ቃል ላይ ሲሰበር ሰምቶ ነው። ቃሉ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። የዘፋኙ መከራ የሚገባው ከዚህ ላይ ነው፤ ታሪክ ሆኖ ሳይሆን ዋስ ሆኖ ይገባል። ቃሉ ለሁሉ ክፍት በመሆኑ ማንም ሊገባበት ይችላል፤ ድምፁ የአንድ የተጎዳ ሰው በመሆኑም የገባው ሰው እንዳልተታለለ ያምናል። ከሁለቱ አንዱ የጎደለው እንደ ሆነ ዘፈኑ ይከሽፋል። ቃሉ በዘፋኙ ጉዳይ ብቻ የተሞላ ከሆነ አድማጩ እንደ ወሬ ሰምቶት ያልፋል፤ ድምፁ ሐሰተኛ ከሆነም ክፍቱ ቃል ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ዘፈንን በዘፋኙ የሕይወት ታሪክ ብቻ የመተርጐም ልማድ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ኀዘኑን በመጀመሪያ በቃል ያኖረውን የግጥም ደራሲ ከታሪክ ያወጣዋል፤ የእርሱ መከራ በሌላ ሰው ስም ተጽፎ ይቀራል። ሁለተኛ፣ አድማጩን ዝም ያሰኘዋል፤ ለዘፈኑ ወርቁን ያመጣው እርሱ ሆኖ ሳለ ምንም እንዳላደረገ ይቈጠራል። ዘፈን ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ የዘፋኙን ስም፣ የቅኝቱን ዓይነትና የተቀረጸበትን ዓመት በጥንቃቄ መዝግበዋል። ግጥሙን ማን እንደ ሰጠ፣ በየትኛው ስንኝ ላይ ማን እንዳለቀሰ፣ ማንንስ አስቦ እንዳለቀሰ ግን የመዘገበው ጥቂት ነው። ሙሾ አውራጆችና ተቀባዮቻቸው፣ አዝማሪዎችና ግጥም ሰጪዎቻቸው፣ ካሴት በዝግ ቤት የሰሙ እናቶችም በሕይወት ሳሉ ይህን መጠየቅ ይቻላል። እነርሱ ካለፉ በኋላ በየሣጥኑ የሚገኘው ሸክላና ካሴት ሰሙን ይጠብቀው ይሆናል፤ ወርቁ ግን ከባለቤቶቹ ጋር ይቀበራል።